የድሮ የመኪና ጂፒኤስ ሳተላይት አልይዝ አለኝ፣ ሐረጎ ላይ ጨርሶ ይጠፋል

ሃይሉክስ_ዘደሴ
ቅዳሜ መስከረም 10፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ? ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ የድሮ ጂፒኤስ አለኝ። ከገዛሁት 15 ዓመት ሊሞላው ነው። በአሮጊቷ ሃይሉክሴ ከኔ እኩል ዞሯል። ኩታበር፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ጋሸና ድረስ። ሥራዬ ባለሙያ ማመላለስ ነው። ዛሬ የውሃ፣ ነገ የእንስሳት ጤና፣ ከነገ ወዲያ ክትባት።

ድሮ ሞተር አስነስቼ ሻይ ሳልጨርስ ሳተላይት ይይዝ ነበር። አሁን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከያዘ በኋላም አያስተማምንም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመጣ ሐረጎ ጥምዝምዙ ላይ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ድልብ ዳገት ላይም እንዲሁ። ማታ ማታ ይብስበታል። ሌላው ደግሞ ቀኑን 2006 ይለኛል። በኛ አቆጣጠር እንዳይመስላችሁ፣ በፈረንጁ ነው! ዛሬን ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2006 ብሎ ቁጭ።

ስልክ ተጠቀም እንዳትሉኝ። ስልክ አለኝ፣ ይሠራልም። ግን እዚህ ዕቃ ውስጥ 400 ገደማ ነጥብ መዝግቤያለሁ። ካርታ የማያውቃቸው መታጠፊያዎች፣ ክረምት የማያሻግሩ ወንዞች፣ ጤና ኬላዎች፣ «ወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ግራ» ብዬ የጻፍኳቸው። ስንቱን ጎማ የበላ መንገድ ነው እዚያ ውስጥ ያለው።

አጥፍቶ ማብራት ሞክሬያለሁ። ምን ትላላችሁ?

ባቲ_ሰኞ
ቅዳሜ መስከረም 10፣ ከምሽቱ 2:05

ወንድሜ፣ አፈር ይቅለለው። ለኤሌክትሮኒክስ 15 ዓመት ማለት ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ነው። የሚገዛህ ካገኘህ ሽጠውና ቡና ጠጣበት።

ቴስተር_ኮምቦልቻ
ቅዳሜ መስከረም 10፣ ከምሽቱ 2:30

ባቲ፣ አንተ የታመመን ሁሉ ቅበሩ ባይ ነህ። ሰውዬው 400 ነጥብ አለኝ እያለ!

ሃይሉክስ፣ ምንም ሳትነካካ መጀመሪያ ነጥቦችህን አውጣ። ዕቃውን በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። አብዛኛው እንደ ፍላሽ ይከፈታል። ስሙ ጂፒኤክስ ብሎ የሚያልቅ ፋይል ፈልግና ሁለት ቦታ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ። ብዙ ሰው ሳተላይት ጠፋብኝ ብሎ ሪሴት ያደርገዋል። ሳተላይቱ ሳይመጣ ነጥቡም አብሮ ይሄዳል። እኔ ራሴ የደንበኛ ዕቃ ላይ ሠርቻታለሁ። እስከ ዛሬ ሰውየውን ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።

ከዚያ መልስልኝ። የፊት መስታወትህ ላይ ስቲከር አለ ወይ? በተለይ ያ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው፣ ስስ ብረት የተቀባው ዓይነት። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ምን ምን ሰክተሃል? የመኪና ካሜራ አለህ? ጂፒኤሱ ጎኑ ወይ ጀርባው ላይ ትንሽ የጎማ ክዳን አለው?

ነገ እሑድ ነው። ወጣ በልና ከመኪናው አውርደህ ሜዳ ላይ አስቀምጠው። ዛፍም ገደልም ያልከለለው ቦታ ይሁን። 20 ደቂቃ አታንቀሳቅሰው። የሳተላይት ገጹን ከፍተህ ስንት ባር እንደሞላ ጻፍልን፤ አንዱ ባር አንድ ሳተላይት ነው። ጥፋቱ የመኪናው ይሁን የዕቃው የሚለየው በዚያ ነው።

የመርሳ_ማንጎ
ቅዳሜ መስከረም 10፣ ከምሽቱ 2:50

ምናልባት ደመናው ይሆን? ክረምቱ ገና አልወጣልንም። የኛ አይሱዙ ላይ ያለው ትራከርም ሐምሌና ነሐሴ አሳብዶን ነበር የከረመው።

መምህር_ወልድያ
ቅዳሜ መስከረም 10፣ ከምሽቱ 3:35

እህቴ፣ ደመናና ዝናብ ጂፒኤስን እምብዛም አይነኩትም። ሲግናሉ የሚመጣው በ1575.42 ሜጋኸርዝ ነው፤ እዚያ ላይ ደመና እንደሌለ ይቆጠራል። የቲቪ ዲሽ ዝናብ ሲጥል የሚቆራረጠው የሱ ፍሪኩዌንሲ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ነው። ሰው በዲሹ ልምድ ነው ጂፒኤሱንም የሚጠረጥረው። እርጥብ ቅጠል ግን ሌላ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ብትቆሚ ይደክማል።

ሃይሉክስ፣ ጋሽ ቴስተር 20 ደቂቃ አታንቀሳቅሰው ያሉህ በምክንያት ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሲግናሉ እኛ ጋ ሲደርስ ከአካባቢው የሬዲዮ ጫጫታ በታች ሆኖ ነው። ሰኞ ዕለት ባቲ ገበያ መሃል ቆመህ፣ ግመሉ እያጓራ፣ ደላላው እየጮኸ፣ አንድ ሰው ከማዶ ሹክ ሲልህ እንደ መስማት ነው። መሣሪያው የሚሰማው ሹክሹክታውን አስቀድሞ በቃሉ ስለሚያውቀው ነው።

መረጃው ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ በሰከንድ 50 ቢት። እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ በትክክል ተናግሮ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። መሃል ላይ ከተቋረጠ ያመለጠውን ለመስማት የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ነው። የሁሉም ሳተላይቶች ጠቅላላ መዝገብ ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። አሁን አስበው። ሲግናሉ ደካማ ነው፣ አንተ ደግሞ ሐረጎ ላይ በየኩርባው ትዞራለህ። ሲጀምር ይቋረጥበታል፣ ሲጀምር ይቋረጥበታል። ቆመህ ቢሆን በ2 ደቂቃ የሚጨርሰውን በጉዞ ላይ ግማሽ ሰዓት ይታገለዋል።

የ2006 ነገር ግን አሳቀኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል? ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2006ም ቅዳሜ ነበር። አጋጣሚ እንዳይመስልህ። የጂፒኤስ ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው በሳምንት ነው፣ ከጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ጀምሮ። ለሳምንቱ ቁጥር የተሰጠው ቦታ 10 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ0 እስከ 1023 ቆጥሮ ወደ 0 ይመለሳል። አንዴ በ1999 ተመለሰ፣ ሁለተኛው ኤፕሪል 6 ቀን 2019 ነበር፣ ቀጣዩ በኖቬምበር 2038 ነው። ያንተ ዕቃ መዞሩን ስላልተረዳ በትክክል 1024 ሳምንት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሳምንቱ ይሳሳታል እንጂ ዕለቱ አይሳሳትም። ቦታህን ለማስላት የሚያስፈልገው በሳምንቱ ውስጥ ያለው ሰዓት ስለሆነ፣ ሳተላይት የሚያጠፋብህ እሱ አይደለም። አምራቹ አፕዴት ካወጣለት ይስተካከላል፣ ካላወጣለት ከነ2006ቱ ኑር።

ባቲ_ሰኞ
ቅዳሜ መስከረም 10፣ ከምሽቱ 3:50

መምህር፣ ገበያችንን ስላነሱልን እግዜር ይስጥልን። ግመሎቹም አመስግነዋል።

ሃይሉክስ_ዘደሴ
እሑድ መስከረም 11፣ ከቀኑ 10:15

ሐይቅ ወርጄ ተመለስኩ። እግረ መንገዴንም ዓሣ በልቻለሁ፣ አልደብቃችሁም።

ነጥቦቹን ትናንት ማታ አወጣሁ። 412 ሆኑ። የልጄ ላፕቶፕና አንድ ፍላሽ ላይ ናቸው። ጋሽ ቴስተር፣ ለዚህች ብቻ አንድ ስኒ ቡና አለብኝ።

ሜዳው ላይ 25 ደቂቃ አስቀመጥኩት። ከብት ሲያልፍ ብቻ አንስቼ ነበር። ሳተላይት ገጹ ላይ 10 የሚሆኑ ታዩ፣ የሞሉት ግን 3 ናቸው። እነሱም አጫጭር። ሌሎቹ ባዶ ሳጥን። ስልኬን አጠገቡ አስቀመጥኩት፣ እሱ ደግሞ 20 ምናምን ቆጠረ። በጣም አናደደኝ።

ስቲከር የለኝም። ካሜራ አለኝ፣ አምና ነው የገዛሁት፣ የጀርባ ማያ መስታወቱ ጋ ተለጥፏል። ጂፒኤሱም ከሥሩ ነው። የሲጋራ መለኮሻው ላይ ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያ አለ፤ የካሜራው ቻርጀር፣ የስልኩ ቻርጀር፣ ሦስተኛው ጂፒኤሱ ራሱ። የጎማ ክዳንም አለው፣ ጀርባው ላይ። ስከፍተው ውስጡ የወርቅ ቀለም ያላት ትንሽ ክብ ቀዳዳ አለች።

መምህር_ወልድያ
እሑድ መስከረም 11፣ ከቀኑ 11:00

በስልኩ አትናደድ። ውድድሩ እኩል አይደለም። ያንተ ዕቃ የሚሰማው የአሜሪካኖቹን ጂፒኤስ ብቻ ነው። ስልኩ ከዚያ ላይ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱ ይጨምራል። በዚያ ላይ ኔትወርክ ሲኖር የሳተላይቶቹን አድራሻ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ያቺን 30 ሰከንድ ከሰማይ አይጠብቅም። ኔትወርክ የሌለበት ገጠር አዲስ ቦታ ወስደህ ብታስነሳው እሱም ትንሽ ይንገዳገዳል።

ግን ሜዳ ላይ 10 አይቶ 3 ብቻ መያዝ፣ በእርጅናም ቢሆን ትንሽ ነው። 8 ወይም 9 መያዝ ነበረበት። ከፍታን ጨምሮ ቦታን ለማወቅ ቢያንስ 4 ያስፈልጋል።

ቴስተር_ኮምቦልቻ
እሑድ መስከረም 11፣ ከምሽቱ 12:40

አሁን ነገሩ እየጠራ መጣ። ሜዳ ላይ ካሜራም ቻርጀርም አልነበረም፣ እሱ ግን ደክሟል። ስለዚህ አንዱ በሽታ ዕቃው ውስጥ ነው። መኪናው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይብስበታል፣ ስለዚህ ሌላው በሽታ መኪናው ውስጥ ነው። ሁለት በሽታ አንድ ላይ ሲመጣ ነው ሰውን የሚያደክመው። አንዱን ታክምና ለውጥ ስታጣ «አይደለም» ብለህ ትተወዋለህ።

ያቺ የወርቅ ቀዳዳ የውጭ አንቴና መሰኪያ ናት። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ። የውጭ አንቴና ተጠቅመህ ታውቃለህ?

ሃይሉክስ_ዘደሴ
እሑድ መስከረም 11፣ ከምሽቱ 1:10

አዎ! እንዴት አወቁ? መጀመሪያ አራት ዓመት ያህል ማግኔት ያላት አንቴና ጣሪያ ላይ ነበረችኝ። ገመዱን በር ሲዘጋበት ሲዘጋበት ተበጠሰና ጣልኩት። ያለሱም ይሠራ ስለነበር ረሳሁት።

ቴስተር_ኮምቦልቻ
እሑድ መስከረም 11፣ ከምሽቱ 1:45

በቃ፣ ጥርጣሬዬ እሱ ነው።

እንዲህ ነው አሠራሩ። ብዙ የዚያ ዘመን ዕቃዎች ሁለት አንቴና ነው ያላቸው። አንዱ ውስጣቸው ያለ የሸክላ ሳህን የመሰለ አራት ማዕዘን ነው። ሌላው ከውጭ የምትሰካው። በአንዳንዱ ዕቃ መሰኪያው ውስጥ የፀጉር ያህል ቀጭን የብረት ምላስ አለች። የውጩን ስትሰካ ምላሷ ትገፋና የውስጡን ታቋርጠዋለች። ስትነቅል ተመልሳ ትነካለች። ዓመታት ሲያልፉ አቧራ ይገባል፣ እርጥበት ይገባል፣ ምላሷ ትዝጋለች። ወይ ደንዝዛ አትመለስም፣ ወይ ትመለስና በደንብ አትነካም። ዕቃው አንቴና አለኝ ብሎ ያስባል፣ የውስጡ አንቴና ግን ተቆርጧል። የሚሰማው በሽንቁር የምትገባውን ነው። ያንተ 3 ባር ያቺ ናት።

ሕክምናው ቀላል ነው። ዕቃውን አጥፋ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ካገኘህ እሱን፣ ካጣህ ከ90 ከመቶ በላይ የሆነ ንጹሕ አልኮል። የኮሮና ጊዜ የተረፈችህን ሳኒታይዘር እንዳትነካ፣ ጄል ነው፣ ይጣበቃል። ክዳኑን ክፈትና አንዲት ጠብታ መሰኪያው ውስጥ አድርግ። ከዚያ ልኩ የሆነ የአንቴና ጫፍ ፈልግና 10፣ 15 ጊዜ ሰካ ንቀል፣ ሰካ ንቀል። በመርፌ እንዳትጎረጉር! ምላሷ ከተሰበረች ከፍቶ መበየድ ነው፣ እሱ ደግሞ የሁሉም ሰው እጅ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ይድረቅ። ከዚያ አብራው።

የመርሳ_ማንጎ
እሑድ መስከረም 11፣ ከምሽቱ 2:20

ጋሼ፣ ጣልቃ ገባሁ ይቅርታ። የኛስ ትራከር? አይሱዙው መርሳ ብርቱካን እየጫነ፣ ስልኬ ላይ ግን ደሴ ቆሟል ይለኛል። ሾፌሩን ስንቴ ተቆጣሁት መሰለዎት። ያስገጠምንበት ድርጅት ደግሞ «ሰማዩን ይጠይቁ» ዓይነት መልስ ነው የሚሰጠን።

ቴስተር_ኮምቦልቻ
እሑድ መስከረም 11፣ ከምሽቱ 2:50

እህቴ፣ ሾፌሩን ይቅርታ ጠይቂው። ትራከር ሁለት ሥራ ነው ያለው። ቦታውን ከሳተላይት ይሰማል፣ የሰማውን በሲም ካርድ ይልክልሻል። ኔትወርክ ከሌለ ብዙዎቹ ነጥቡን ይዘው ይቆያሉ፣ ኔትወርክ ሲያገኙ በአንዴ ያራግፉታል። አንቺ የምታዪው የመጨረሻ የተላከውን ነው። ማታ ላይ ገብተሽ የቀኑን ጉዞ ክፈቺ። መስመሩ ሙሉ ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው፣ ሳተላይቱ ደህና ነው። ማታም መስመሩ ከተቆራረጠ፣ ወይ ከመንገድ ወጥቶ ተራራ ላይ ከዘለለ፣ የአንቴና ነገር ነው።

ያኔ አገጣጠሙን እዪ። የስንቱን አባዱላና ቅጥቅጥ ዳሽቦርድ ፈትቻለሁ፣ ትራከሩን ከብረት ሥር በፕላስተር ጠቅልለው ፊቱን ወደ መሬት አድርገው ነው የሚያስሩት። አንቴናው ሰማይ ማየት አለበት። በፕላስቲክ ውስጥ ያያል፣ በብረት ውስጥ አያይም።

ባቲ_ሰኞ
እሑድ መስከረም 11፣ ከምሽቱ 3:05

ስለ ጣሪያ ካነሳችሁ እኔም ልናዘዝ። አምና የገዛኋትን የጣሪያ አንቴና ፖርቶ መጋላው ሥር ለጠፍኳት። ከላይ ማሽላ በጆንያ ጫንኩ። «ቻይና ሸወደኝ» ብዬ አንድ ሳምንት ተሳደብኩ።

ሃይሉክስ_ዘደሴ
ሰኞ መስከረም 12፣ ከምሽቱ 4:10

አልኮሉን ፋርማሲ አገኘሁ። የአንቴና ጫፍ ግን ገና እያፈላለግሁ ነው። ፒያሳ ያሉ የሞባይል ጠጋኞች ነገ ና ብለውኛል።

እስከዚያው አንድ ያስተዋልኩትን ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ቤት ደጃፍ አስቀምጬ ሳየው ነበር። ያችው 3 ባር እንኳ ትወጣለች ትወርዳለች። ስልኬም ሁለቴ ዘለለብኝ፤ ቤቴን ጎረቤት ግቢ ውስጥ አስገባው። ቀን እንዲህ አይሆንም። ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?

መምህር_ወልድያ
ሰኞ መስከረም 12፣ ከምሽቱ 4:45

ይህንን የሚያስተውል ሰው ብዙ አላገኘሁም። ደስ አለኝ።

ከላያችን በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ ኤሌክትሪክ ያደረገችው የአየር ንብርብር አለ፣ አዮኖስፌር ይሉታል። የጂፒኤስ ሲግናል በዚያ ውስጥ ማለፍ ግድ ነው። የምድር ማግኔት ወገብ ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ ነው የሚያልፈው። ወሎ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ፀሐይ ስትጠልቅ በዚህ ወገብ አካባቢ ንብርብሩ ይረበሻል፣ እንደሚፈላ ወተት አረፋ አረፋ ይሠራል። ሲግናሉ በአረፋው ሲያልፍ ልክ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል። ከመግሪብ በኋላ ይጀምርና እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ይቆያል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ይጠነክራል። ዛሬ ስንት ነው? መስከረም 12። ያልታደልክ ሰው ነህ፣ በትክክል ወቅቱ ላይ ነው የለካኸው። የፀሐይ እንቅስቃሴ በየ11 ዓመቱ ገደማ ከፍ ይላል፣ በ2024 ጣሪያው ላይ ነበር፣ አሁንም ገና በደንብ አልበረደም።

ይህ አይጠገንም። ደህና አንቴና ያለው ዕቃ ይቋቋመዋል፣ ያንተ ግን 3 ባር ይዞ አንዷ ስትደበዝዝ የሚተርፈው የለም። ፈተናህን ሁሉ ቀን ላይ አድርግ። ማታ የለካኸውን ከቀን ጋር ካወዳደርክ ያልተበላሸ ነገር ትፈታለህ።

ሃይሉክስ_ዘደሴ
ረቡዕ መስከረም 14፣ ከቀኑ 9:30

እናንተዬ! ሠራ!

የሞባይል ጠጋኙ ልጅ ሳጥኑን ገልብጦ ልኳ የሆነች ጫፍ አገኘልኝ። አልኮል አድርጌ ሰካሁ ነቀልኩ፣ ሰካሁ ነቀልኩ። መጀመሪያ ሁለቴ ስሰካው ምንም አልተሰማኝም። ከአራተኛው በኋላ ቀጭን «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ። ልጁም ሰምቶ ቀና አለ። ጫፏን ስናያት አረንጓዴ ዝገት ይዛ ወጥታለች።

ደርቆ ሆጤ ሜዳ አካባቢ ወሰድኩት። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በ6 ደቂቃ ያዘ። ከ20 ደቂቃ በኋላ 8 ባር ሙሉ! ዓይኔን አላመንኩም። አጥፍቼ ሳበራው ወዲያው ያዘ።

ከዚያ በኩራት መኪናው ውስጥ ሰቀልኩት። ሞተር አስነሳሁ። ወደ 5 ወረደ። ካሜራውን ነቀልኩ፣ ቀስ እያለ ወደ 7 ወጣ። ካሜራውን መልሼ ሰካሁ፣ 5። አምስቴ ደጋግሜ አየሁት፣ እንደ መብራት ማብሪያ ነው።

ቴስተር_ኮምቦልቻ
ረቡዕ መስከረም 14፣ ከቀኑ 10:00

አብሽር! ሁለተኛዋም በሽታ ተያዘች።

ካሜራው ውስጥ ያለው ፕሮሰሰርና ያቺ 12 ቮልትን ወደ 5 ቮልት የምታወርደው ርካሽ ቻርጀር የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫሉ። አንተ ደግሞ ጂፒኤሱን ከሥሩ ነው የሰቀልከው። የመምህር የባቲ ገበያ ምሳሌ ላይ ደላላውን ጆሮህ ሥር አቆምከው ማለት ነው።

ሦስት ነገር አድርግ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ገንዘብ የማያስወጣው ይቀድማል። ጂፒኤሱን ከካሜራው አርቀው፣ ወደ ሾፌሩ ጥግ፣ ቢያንስ አንድ ክንድ። የካሜራውን ገመድ በጂፒኤሱ በኩል አታሳልፈው፣ በሌላኛው ወገን አዙረው። ካልበቃው የካሜራውን ቻርጀር ቀይር። ከአሮጌ የኮምፒውተር ገመድ ላይ ያቺን ጥቁር እብጠት ታውቃታለህ? ፌራይት ናት። የምትከፈተውን ዓይነት አግኝተህ የካሜራው ገመድ ላይ ብታስራት ትረዳለች።

ያ ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያም ማሳው (የኔጋቲቭ ንክኪው) ላላ ካለ መጥፎ ነው። ነካ ነካ አድርገው፣ የሚሞቅ ከሆነ ጣለው።

ባቲ_ሰኞ
ረቡዕ መስከረም 14፣ ከቀኑ 10:20

እኔ ቅበረው ብዬ ነበር። አሁን ሰውየው ተነስቶ ቁርስ እየበላ ነው።

ሃይሉክስ_ዘደሴ
ዓርብ መስከረም 16፣ ከምሽቱ 12:30

ዛሬ ለመስቀል ዘመድ ልጠይቅ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ጂፒኤሱ ከግራ ጥግ ነው፣ የካሜራው ገመድ በቀኝ ዞሯል፣ ቻርጀሩን ከስልኩ ጋር አቀያየርኩት። ሞተር ላይ 7 እና 8 ይይዛል። ምንም ዕቃ አልገዛሁም።

ሐረጎን ስወርድ አንዴም አልጠፋ። ስመለስ ግን ሁለት ኩርባ ላይ ጠፋና ተመለሰ። ያው የድሮው ቦታ። ገና ይቀራል ማለት ነው?

ሌላው ደግሞ፣ ጠዋት ጠዋት አሁንም 5፣ 6 ደቂቃ ይፈጃል። ቀን አጥፍቼ ሳበራ ግን ወዲያው ነው።

መምህር_ወልድያ
ዓርብ መስከረም 16፣ ከምሽቱ 1:15

ኩርባዎቹ ላይ ዕቃህ ጤነኛ ነው። ተራራው ግማሽ ሰማይ ይጋርድሃል፣ ከሚቀረው ግማሽ ውስጥ 4 ሳተላይት ካልተገኘ የትኛውም የጂፒኤስ ብቻ ዕቃ ይጠፋዋል። ሳተላይቶቹ ምድርን በ12 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ይዞራሉ፣ ስለዚህ ከገደሉ በላይ ያሉት በየሰዓቱ ይለያያሉ። ጠዋት ስትወርድ ያልጠፋህ፣ ከሰዓት ስትመለስ የጠፋህ ለዚያ ነው። አሰላለፉ በየቀኑ 4 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ይደገማል። ፍላጎት ካለህ አንድ ሳምንት መዝግበው፣ የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚጠፋ ቀድመህ ማወቅ ትችላለህ። ለሥራህ ይጠቅማል ብዬ ሳይሆን ደስ ይላል ብዬ ነው።

የጠዋቱ መዘግየት ከሳተላይት የተቀበለው አድራሻ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚያገለግል ነው። ሌሊቱን ካደረ አርጅቷል፣ እንደገና መስማት አለበት። ግን 6 ደቂቃ ይበዛል፣ 1 ደቂቃ አካባቢ መሆን ነበረበት። ውስጡ ሰዓቱንና የሳተላይት መዝገቡን የምትይዝ ባትሪ አልቃ ይሆናል። እሷ ካለቀች ዕቃው ጠዋት ጠዋት ሲነሳ የት እንዳለ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቅም።

ቴስተር_ኮምቦልቻ
ዓርብ መስከረም 16፣ ከምሽቱ 1:40

መምህር ልክ ናቸው። ግን እኔ ብሆን አልነካውም። ባትሪዋ ቦርዱ ላይ የተበየደች ናት። ለ5 ደቂቃ ብለህ 412 ነጥብ ያለበትን ዕቃ አትክፈት። ጠዋት ተነሳ፣ ዕቃውን አብራ፣ ደጃፍ አስቀምጠው፣ ፊትህን ታጠብ። እስክትጨርስ ይዟል።

ሃይሉክስ_ዘደሴ
ዓርብ መስከረም 16፣ ከምሽቱ 1:55

ተስማምቻለሁ። ኮምቦልቻ ዛሬ ስመጣ ሱቅዎን አጣሁት እንጂ የቡናዋን ዕዳ ልከፍል ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ እመጣለሁ፣ አቦል ላይ እንድንገናኝ።

መልካም የመስቀል በዓል ለምታከብሩ ሁሉ።

የመርሳ_ማንጎ
ዓርብ መስከረም 16፣ ከምሽቱ 2:30

እኔም ልንገራችሁ። የትናንቱን ጉዞ ማታ ከፍቼ አየሁት፣ መስመሩ ሙሉ ነው፣ መርሳም ቆሞ ነበር። ኔትወርክ ነው። ሾፌሩን ይቅርታ ብዬ አንድ ሣጥን ማንጎ ሰጠሁት። ጭማሪ ደሞዝ ነው የፈለግሁት አለኝ።

ባቲ_ሰኞ
ቅዳሜ መስከረም 17፣ ከጠዋቱ 4:00

እኔም ከመሳቢያ አንድ አሮጌ አወጣሁ። እሱም ጎማ ክዳን አለው። አልኮል የለኝም፣ የሚስቴ ሽቶ አለ። ይሆናል?

ቴስተር_ኮምቦልቻ
ቅዳሜ መስከረም 17፣ ከጠዋቱ 4:10

አይሆንም። ሽቶ ዘይት አለው፣ አቧራ ይለቅምበታል። መልሰህ ሳትታይ ቦታው አስቀምጠው።

ባቲ_ሰኞ
ቅዳሜ መስከረም 17፣ ከጠዋቱ 4:12

ታይቻለሁ።